እንደ ከሰል የጠቆረችውን አስትሮይድ በሦስት ሌሊት ማግኘት

በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ከሚዞሩት አለቶች አብዛኞቹ ጥቁር ናቸው። ግራጫ ማለቴ አይደለም፤ የሚያርፍባቸውን የፀሐይ ብርሃን ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ውጠው የሚያስቀሩ ናቸው። ካርበን የበዛባቸው ስለሆኑ ሳይንቲስቶች "ሲ" ዓይነት ይሏቸዋል። ከታወቁት አስትሮይዶች ሦስት አራተኛ ያህሉ እዚህ ጎራ ውስጥ ይገባሉ።

ዛሬ ከእነሱ አንዷን እንዴት በገዛ ዓይናችሁ እንደምታዩ ላሳያችሁ። ሃይጂያ ትባላለች። ከዳር እስከ ዳር 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በቀበቶው ውስጥ በትልቅነት ከሴረስ፣ ከቬስታና ከፓላስ ቀጥላ አራተኛ ናት። የተገኘችው ግን አሥረኛ ሆና ነው። አኒባሌ ዴ ጋስፓሪስ ኔፕልስ ላይ ሆኖ ያገኛት ኤፕሪል 12 ቀን 1849 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍሎራ የምትባለው አስትሮይድ የሃይጂያን ሲሶ ብታህል ነው፤ ሆኖም በ1847 ቀድማ ተገኝታለች። ፍሎራ ብርሃን የሚመልስ ድንጋይ ናት፣ ለእኛም ትቀርባለች። ሃይጂያ ደግሞ ጥቁርም ሩቅም ናት። ያን ሁሉ ግዝፈት ይዛ ተደብቃ ቆየች።

አሁንም ተደብቃ ነው ያለችው። በቴሌስኮፕ ስታዩዋት ከጎኗ ካሉት ደብዛዛ ኮከቦች በምንም አትለይም። ነጥብ ናት፣ በቃ። የምትታወቀው ስትንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው ሥራ ሁሉ አንድ ግብ አለው፤ ትናንት እዚህ የነበረች ነጥብ ዛሬ እዚያ መሆኗን በእርግጠኝነት ማወቅ።

ጊዜውን መምረጥ

ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል። መሬት በፀሐይና በሃይጂያ መካከል የምትገባበት ወቅት አለ። ኦፖዚሽን ይባላል። በየ15 ወሩ ገደማ ይመጣል። ያን ሰሞን ሃይጂያ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከፍ ትላለች፣ ሊነጋ ሲል ትጠልቃለች። ለእኛ በጣም የምትቀርበውም ያኔ ነው። ብርሃኗም ጨመር ይላል፤ ፀሐይ ከጀርባችን ስለምትሆን በአለቱ ላይ ያሉት ጥላዎች ከእኛ ይሰወራሉ።

የከዋክብትን ድምቀት የምንለካው በማግኒትዩድ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ይቀንሳል። በጥሩ ጨለማ ባዶ ዓይን እስከ 6 ገደማ ያያል። ሃይጂያ ዕድል ሲቀናት 9.1 ትደርሳለች፣ በአብዛኛው ኦፖዚሽን ግን 10 አካባቢ ናት። 10 ማለት በባዶ ዓይን ከሚታየው የመጨረሻ ደብዛዛ ኮከብ 40 ጊዜ ያህል የደበዘዘ ማለት ነው።

ሦስት ነገር አጣሩ። የመጀመሪያው ጨረቃ ነው። ሙሉ ጨረቃ ሁልጊዜ ከፀሐይ ፊት ለፊት ነው የምትቆመው፤ ስለዚህ በኦፖዚሽን ሰሞን ሙሉ ከሆነች ብዙም ሳትርቅ እዚያው ሃይጂያ አካባቢ መጥታ ሰማዩን ታጥበዋለች። ጨረቃ የማትታይበትን ሳምንት ያዙ። ሁለተኛው ፍኖተ ሐሊብ ነው። ሃይጂያ በፍኖተ ሐሊብ በኩል እያለፈች ከሆነ ከአሸዋ ውስጥ አንዲት ቅንጣት እንደ መፈለግ ነው። ለጀማሪ አልመክርም፤ የሚቀጥለውን ኦፖዚሽን ጠብቁ። ሦስተኛው፣ ከኦፖዚሽኑ በጣም አትራቁ። ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ያህል ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ከወጣችሁ ሃይጂያ በኮከቦቹ መካከል ቆማ የምትመስልባቸው ቀናት ይገጥሟችኋል። የማትንቀሳቀስ ከሆነ ዘዴያችን አይሠራም።

መሣሪያ

የመስታወቱ ስፋት 114 ወይም 130 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ ይበቃል። አነስተኛ ማጉያ ያለው የዓይን ሌንስ ተጠቀሙ። ለምሳሌ ፎካል ርዝመቱ 650 ሚሊሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 25 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገጥሙ 26 ጊዜ ያጎላል፣ ወደ 2 ዲግሪ የሚጠጋ ሰማይም በአንድ ጊዜ ያሳያል። ብዙ ማጉላት እዚህ ጋ አይጠቅምም። ሃይጂያ በምንም ትንሽ ቴሌስኮፕ ክብ ሆና አትታይም። የሚያስፈልጋችሁ ሰፊ ሰማይ ነው።

ያላችሁ ባይኖኩላር ብቻ ከሆነ በሴረስ ጀምሩ። ሴረስም ጥቁር ናት፣ ከሚያርፍባት ብርሃን የምትመልሰው 9 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን 940 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትሰፋ በኦፖዚሽን ጊዜ ማግኒትዩድ 7 ገደማ ትደርሳለች። 10×50 ባይኖኩላር በደንብ ያሳያታል። ዘዴው አንድ ነው።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው ቀላል ነው። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተያዘ ነጭ ወረቀት፣ ቀጭን እርሳስ፣ ላፒስ፣ በቀይ ፕላስቲክ የተሸፈነ ባትሪ። ወንበርም አትርሱ። ይሄን የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም። ቆሞ የሚወዛወዝ ሰው ማየት የማይችለውን ደብዛዛ ኮከብ ተቀምጦ፣ አንገቱን አሳርፎ የሚያይ ሰው ያየዋል።

ካርታውን ማዘጋጀት

ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ። ሃይጂያን በስሟ ፈልጉ። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ወይም መረጃው ያረጀ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ካለው የሥርዓተ ፀሐይ ማስተካከያ ገብታችሁ አዲሱን የምሕዋር መረጃ አስገቡ። መረጃው የሚመጣው የአስትሮይዶችን መዝገብ ከሚይዘው ማይነር ፕላኔት ሴንተር ነው። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። በአሮጌ መረጃ የተሠራ ካርታ የተሳሳተ ቦታ ላይ እንድትፈልጉ ሊያደርጋችሁ ይችላል።

የምትወጡበትን ቀንና ሰዓት አስገቡና ሁለት ካርታ አትሙ። አንደኛው ሰፊ ይሁን፣ በባዶ ዓይን የሚታዩትን ኮከቦች የያዘ። ሁለተኛው ጠባብ ይሁን፤ ሃይጂያ ያለችበትን አካባቢ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ፣ እስከ ማግኒትዩድ 11 ያሉትን ኮከቦች በሙሉ የያዘ።

አሁን ብዙ ሰው የማይስማማበትን ምክር ልስጥ። ጠባቡ ካርታ ላይ የሃይጂያን ምልክት አጥፉት። ከነምልክቷ ይዛችሁ አትውጡ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ጊዜ ምልክት ያለበትን ካርታ ይዤ ነበር። ምልክቱ ባለበት አካባቢ ደብዛዛ ነጥብ አየሁ። አገኘኋት ብዬ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ ገባሁ። በማግስቱ ስወጣ ያቺ ነጥብ ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ናት። ተራ ኮከብ ነበረች። ካርታው እዚያ አለች ስላለኝ ዓይኔ ያገኘውን ነጥብ ሁሉ እሷ አደረገው። እስክነቃ ድረስ ጨረቃ መጣችና የወሩ ጨለማ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ምልክቷን ቤት ትቼ ነው የምወጣው። ያየሁትን ሁሉ እስላለሁ፣ የትኛዋ እንደሆነች ወረቀቱ ራሱ ይነግረኛል።

ሌላው የሚያደናግረው አቅጣጫ ነው። በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሰማዩን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ ላዩ ታች፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። ለዚህ ካርታውን ማዞር ይበቃል። በሌንስ የሚሠራና ዓይን ማሳረፊያው በመስታወት የታጠፈ ከሆነ ግን እንደ መስታወት ምስል ግራና ቀኙ ብቻ ይቀያየራል። ይህን ወረቀት በማዞር ማስተካከል አይቻልም። ስቴላሪየም ላይ ምስሉን አገላብጣችሁ አትሙት። ጨለማ ውስጥ ቆሞ በጭንቅላት ለመገልበጥ መሞከር አድካሚ ነው።

የዕይታ ክባችሁን መለካት

ቴሌስኮፓችሁ ምን ያህል ሰማይ እንደሚያሳይ በቁጥር እወቁ። ቀላል ነው። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ መሐል ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ሚንታካ የምትባለው የዳሯ ኮከብ ከሰማይ ወገብ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ቴሌስኮፑን እሷ ላይ አነጣጥሩና እጃችሁን አንሱ። መሬት ስለምትዞር ኮከቧ በክቡ ውስጥ ትንሸራተታለች። በመሐል አልፋ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ለመድረስ የፈጀባትን ደቂቃ ቁጠሩ። በየ4 ደቂቃው 1 ዲግሪ ትሄዳለች። 8 ደቂቃ ከፈጀባት ክባችሁ 2 ዲግሪ ነው። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት፤ እንግዲህ ባለ 2 ዲግሪ ክብ ውስጥ አራት ጨረቃ በመስመር ይደረደራል።

ይህን ካወቃችሁ ወረቀቱ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ሳሉ። ሦስት ቅጂ አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ሌሊት

ከመጀመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ቆዩ። ስልክ አትንኩ። አንዴ ብልጭ ካለ ዓይናችሁ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

በሰፊው ካርታ በባዶ ዓይን ከምታውቁት ደማቅ ኮከብ ተነሱ። ከእሱ ወደ ሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደ ሌላው እየተሻገራችሁ ቦታው ላይ ድረሱ። በየመሐሉ ቆም ብላችሁ "አሁን የት ነኝ" ብላችሁ አረጋግጡ። ሦስት ማዕዘን የሠሩ፣ በመስመር የተሰለፉ፣ ጥንድ የሆኑ ኮከቦችን ምልክት አድርጉ። አንዱ ምልክት ካልገጠመ ወደ ኋላ ተመለሱ። ወደ ፊት መግፋት አያዋጣም።

ቦታው ላይ ስትደርሱ መሳል ጀምሩ። መጀመሪያ ደማቆቹን አራት አምስት ኮከቦች በክቡ ውስጥ በትክክለኛ ቦታቸው አስቀምጡ። እነዚህ ምሰሶ ናቸው፣ ሌላው ሁሉ የሚለካው ከእነሱ ነው። ከዚያ መካከለኞቹን ጨምሩ። በመጨረሻ ደብዛዞቹን።

ደብዛዞቹ ጋ ነው ሥራው። ቀጥ ብላችሁ ስታዩት የሚጠፋ ነጥብ ይኖራል። ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ እያያችሁ ልባችሁን ግን ነጥቡ ላይ አድርጉ። ብቅ ይላል። ደብዛዛ ብርሃን የሚይዘው የዓይናችን ክፍል መሐሉ ላይ ሳይሆን ዙሪያው ላይ ስለሆነ ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ የቴሌስኮፑን ቱቦ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉት። ሰማዩ ሲወዛወዝ በእርግጥ ያለ ነጥብ አብሮ ይወዛወዛል፤ ዓይን ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር አያመልጠውም። እርግጠኛ የሆናችሁበትን ነጥብ በደንብ አጥቁሩት። የተጠራጠራችሁበትን ባዶ ክብ አድርጉት።

40 ደቂቃ ያህል ሊወስድ ይችላል። አትቸኩሉ። ትንፋሻችሁ ሌንሱን እንዳያደበዝዘው ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ ተንፍሱ። ሲያልቅ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዓይን ሌንሱን ዓይነት ጥግ ላይ ጻፉ።

የትኛዋ ሃይጂያ እንደሆነች አሁን አታውቁም። ደግ፣ እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

ሁለተኛው ሌሊት

በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ቦታ። የትናንቱን ሥዕል ገና አታውጡት። አዲስ ክብ ላይ እንደገና ሳሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ብቻ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በቀዩ ባትሪ እዩ።

ሃይጂያ በኦፖዚሽን ሰሞን በቀን ከ10 እስከ 15 የቅስት ደቂቃ ያህል ትሄዳለች። የቅስት ደቂቃ ማለት የአንድ ዲግሪ 60ኛ ነው። ጨረቃ 30 የቅስት ደቂቃ ስለምትሰፋ፣ የሃይጂያ የአንድ ቀን ጉዞ የጨረቃ ሲሶ ወይም ግማሽ ነው። እናንተ በሳላችሁት 15 ሴንቲ ሜትር ክብ ላይ አንድ ሴንቲ ተኩል ገደማ ይሆናል። የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ማለት ነው። እዩት፤ ሁሉም ነጥቦች ይገጥማሉ፣ ሦስት ማዕዘኑ እዚያው ነው፣ ጥንዶቹ እዚያው ናቸው። አንድ ነጥብ ግን ትናንት ከነበረበት ጠፍቷል፣ አዲስ ነጥብ ደግሞ ባዶ በነበረ ቦታ ላይ አለ።

እሷ ናት።

የሄደችው ወደ ምዕራብ ነው። እንዲያ የሚሆነው እኛ ስለምንቀድማት ነው። መሬት ከውስጥ በኩል ሆና ፀሐይን በፍጥነት ትዞራለች። ሃይጂያ ፀሐይን አንዴ ለመዞር አምስት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። የምንቀድመው መኪና ወደ ኋላ የሚሄድ እንደሚመስለን ሁሉ፣ እሷም በኮከቦቹ መካከል ወደ ኋላ የምትሄድ ትመስላለች።

ጁሴፔ ፒያዚም ሴረስን ያገኛት በዚሁ መንገድ ነው። ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ፓሌርሞ ላይ የአንዲት ደብዛዛ ኮከብ ቦታ መዘገበ። በማግስቱ ሲያያት ቦታዋን ለቃለች። በቀጣዮቹ ቀናትም ተከታተላት። የመጀመሪያዋ አስትሮይድ እንዲህ ተገኘች። እናንተም ዛሬ ያደረጋችሁት ያንኑ ነው።

ሦስተኛው ሌሊት

ከመውጣታችሁ በፊት በሁለቱ ነጥቦች ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ያንኑ ርቀት ጨምራችሁ ቀጣዩ ቦታ ላይ በእርሳስ ቀጭን የመስቀል ምልክት አድርጉ። ከዚያ ውጡና እዩ። ነጥቧ እዚያ ላይ ወይም በጣም ቀርባ ከተገኘች አበቃ፣ ማረጋገጫ አግኝታችኋል። አሁን ስቴላሪየምን ከፍታችሁ ምልክቷን መልሱና አመሳክሩ።

ደመና በመሐል ከገባ ችግር የለም። ሁለት ቀን ብትዘሉ ጉዞዋ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ያው ነው። አምስትና ስድስት ቀን ካለፈ ግን ከክባችሁ መሐል ርቃ ስለምትሄድ ካርታውን አዲስ አትሙ።

ሁለቱ ሥዕሎች ላይ ምንም ልዩነት ካላገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሰማያችሁ እስከ ማግኒትዩድ 10 አላሳያችሁም፣ ወይ የሳላችሁት ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ለማጣራት ጠባቡ ካርታ ላይ ካሉት ኮከቦች ድምቀታቸው ከሃይጂያ ጋር የሚመጣጠኑትን ፈልጉና ሥዕላችሁ ላይ መኖራቸውን እዩ። ከሌሉ የጨለመ ቦታ ያስፈልጋችኋል።

በካሜራ ለሚሠራ

ሥዕል መሳል የማይሆንለት ሰው ካሜራ ይጠቀም። ባለ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ይበቃል። ሰማዩን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ ከሌላችሁ እያንዳንዱን ፎቶ ከ2 ሰከንድ ተኩል በላይ አታቆዩ፣ አለበለዚያ ኮከቦቹ ይሰመራሉ። ከ60 እስከ 100 ፎቶ አንሱና እንደ ሲሪል ባለ ነፃ ፕሮግራም ደራርቧቸው። በማግስቱ ድገሙት። ሁለቱን ውጤቶች ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ የላይኛውን አብራ አጥፋ አድርጉት። የምትዘለው ነጥብ ሃይጂያ ናት። ፍጥነቷ በሰዓት 30 የቅስት ሴኮንድ (የቅስት ደቂቃ 60ኛ) ገደማ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ሦስት አራት ሰዓት ልዩነት ብታነሱም ይታያል። እኔ ግን መጀመሪያ በእርሳስ እንድትሞክሩት እመርጣለሁ። ካሜራው ያገኛትና እናንተ ያገኛችኋት አንድ አይደለም።

ያያችሁት ምን እንደሆነ

ዓይናችሁን እንደገና ሌንሱ ላይ አድርጉና ይህን አስቡ። ያ ብርሃን ከፀሐይ ተነስቶ ሃይጂያ ላይ አርፏል። ከመቶ 93 እጁን ያህል ውጣዋለች። የተረፈው 7 እጅ ገደማ ነው ወደ እኛ የመጣው። በጣም በቀረበች ጊዜ እንኳን ርቀቷ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ከእሷ ወደ እናንተ ዓይን ለመድረስ ብቻ 15 ደቂቃ ፈጅቶበታል።

ጥቁረቷ ከምን የመጣ ነው? ካርበን ካለባቸው ውህዶች፣ በጥንት ጊዜ ውኃ ከነካቸው ሸክላ መሰል ማዕድናትና ከመሳሰሉት ነው። የዚህን ዓይነት አለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ ርቀት ያየነው በጁን 27 ቀን 1997 ነው። ኒር የተባለችው መንኮራኩር ማቲልድ በምትባል 53 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋ አስትሮይድ አጠገብ በ1,212 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች። ማቲልድ የምትመልሰው ብርሃን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ጉድጓዶች በዓለም ላይ ባሉ የድንጋይ ከሰል አካባቢዎች ስም ነው የተሰየሙት። ትልቁ ካሩ ይባላል።

ከዚያም አልፎ የዚህ ዘር ድንጋይ መሬት ላይ መጥቷል። ቤኑ የምትባለው ትንሽ አስትሮይድ ዛሬ ቀበቶው ውስጥ አይደለችም፣ ግን እዚያ ከነበረ ትልቅ አካል ተሰብራ የመጣች ናት ተብሎ ይታመናል። ኦሳይረስ ሬክስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ከቤኑ የዘገነችውን 121.6 ግራም በሴፕቴምበር 24 ቀን 2023 መሬት ላይ አደረሰች። ሲመረመር ሕይወት ያላቸው ነገሮች ፕሮቲን ለመሥራት ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ ተገኙበት። ጥቁር አቧራ ነው፣ ግን ውስጡ ይህን ይዟል። ሃይጂያን በሌንስ ውስጥ ሳይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

የራሷም ታሪክ አለ። በ2019 ቺሊ ያለው ቪ ኤል ቲ የተባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ ቅርጿን ሲያሳይ ክብ ልትባል ምንም አልቀራትም። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ከ2 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሌላ አለት ጋር ተጋጭታ ብትንትኗ ወጣ፤ ከዚያ ፍርስራሹ መልሶ ተሰባስቦ ክብ ሠራ። ሳይመለሱ የቀሩት ስብርባሪዎች ወደ 7,000 የሚጠጉ ትናንሽ አስትሮይዶች ሆነው አሁንም በአካባቢዋ ይዞራሉ።

ስፋቷን በካልኩሌተር ማስላት

ይህን ክፍል አትለፉት። ጥቁረት ምን ያህል እንደሚያታልል በቁጥር ታዩታላችሁ።

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። አንደኛው ፍጹም ማግኒትዩድ ነው፤ አስትሮይዷ ከፀሐይም ከእኛም መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት ያህል ብትርቅ የሚኖራት ድምቀት ማለት ነው። ለሃይጂያ 5.4 ገደማ ነው። ሁለተኛው አልቤዶ ነው፤ ከሚያርፍባት ብርሃን ስንት እጁን ትመልሳለች የሚለው። 0.07 እንበል።

አሁን የቀመሩን ቋሚ ቁጥር 1329ን ለአልቤዶው ስኩዌር ሩት አካፍሉ። የ0.07 ስኩዌር ሩት 0.2646 ነው፣ ውጤቱ 5023 ይሆናል። ቀጥሎ ፍጹም ማግኒትዩዱን ለ5 አካፍሉ፤ 1.08። 10ን በ1.08 ፓወር ከፍ አድርጉ፤ 12.02 ይመጣል። 5023ን ለ12.02 ስታካፍሉ 418 ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። በትላልቅ ቴሌስኮፖች ከተለካው 430 ብዙም አልራቀም።

አሁን አልቤዶውን ብቻ ቀይሩ። ሃይጂያ እንደ ቬስታ ብሩህ ናት እንበልና 0.4 አስገቡ። መልሱ 175 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ድምቀቱ ያው ነው፣ የሚታየው ነጥብ ያው ነው፣ ስፋቱ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ስለዚህ ብርሃንን ብቻ አይቶ ይህ አለት ትልቅ ነው ወይም ትንሽ ነው ማለት አይቻልም። ሳይንቲስቶች ይህን የሚፈቱት በሙቀት ነው። ጥቁር አለት የዋጠውን ብርሃን በኢንፍራሬድ ሙቀት አድርጎ ይመልሰዋል። በ1983 ወደ ጠፈር የወጣው አይራስ የተባለው ቴሌስኮፕ ያንን ሙቀት እየለካ የብዙ አስትሮይዶችን ስፋት አሳውቋል።

ለቀጣዩ

ከለመዳችሁት በኋላ ጥላ መጠበቅ ትችላላችሁ። አስትሮይድ አልፎ አልፎ ከአንድ ኮከብ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ኮከቡም ለጥቂት ሰከንድ ይጠፋል። ጥላው መሬት ላይ የአስትሮይዱን ያህል ስፋት ይዞ ያልፋል። በሃይጂያ መጠን ላለ አካል ጨለማው እስከ ግማሽ ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ኦከልት ዎቸር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የእናንተ ቦታ ጥላው መንገድ ላይ መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል። ኮከቡ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት በቪዲዮ ያዙ፣ ሰዓቱ ትክክለኛ ይሁን። በተለያየ ቦታ ያሉ ተመልካቾች ሰዓታቸውን ሲያጋጥሙ የአስትሮይዱ ቅርጽ በወረቀት ላይ ይወጣል።

ሌላ ጥቁር አለት ከፈለጋችሁ ባምበርጋ አለች። 227 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ምሕዋሯ በጣም የተለጠጠ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደብዛዛ ናት፤ ዮሃን ፓሊሳ ያገኛት በ1892 ብቻ ነው። በየ22 ዓመቱ ግን በጣም ትቀርብና ማግኒትዩድ 8 ትደርሳለች። ያኔ ባይኖኩላር ይበቃታል። ያለፈው በ2013 ነበር፣ የሚቀጥለው ሴፕቴምበር 2035 ነው።

ሦስቱን የሃይጂያ ሥዕሎች አንድ ላይ አያይዙና አስቀምጡ። ከ15 ወር ገደማ በኋላ ስትመለስ ሌላ የሰማይ ክፍል ላይ ናት። አዲስ ካርታ ታትማላችሁ፣ ምልክቷንም እንደገና ታጠፋላችሁ።